ምላጩ ከመምጣቱ በፊት

(ልጅ ለሚጠብቁ እናቶችና አባቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ሆዳችሁ ከብዶ ወንበሩ የማይመቻችሁ እናቶች እንደ ልባችሁ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ። አባቶች በመምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ገራዡን የሚጠራው ብዙ ጊዜ አባት ስለሆነ እናንተን ማግኘት እፈልግ ነበር።

እኔ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ወንድ ልጅ ግርዛት ተናገሪ ስባል ትዝ ያለኝ አንድ ሌሊት ነው። ከእሱ ልጀምር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። አንድ ወጣት አባት በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ገባ። ከኋላው አያትየዋ አሉ። «ሲስተር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲንጠባጠብ ነው የዋለው፤ አልቆም አለ» አለኝ። ጋቢውን ገለጥኩት። ሦስት ጨርቅ ተደራርቦ ታስሮለታል። ሦስቱም በደም ርሰዋል። ልጁ አያለቅስም። እኛ ሥራ ላይ ከሚያለቅስ ሕፃን ይልቅ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራን።

እየሠራን ጠየቅናቸው። ልጁ የተወለደው ቤት ነው። ሲወለድ ምንም መርፌ አልተወጋም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት የሰፈሩ ገራዥ መጥተው ገረዙት። ሽማግሌው እጃቸው የተመሰከረላቸው ናቸው። አባትየውንም በሕፃንነቱ የገረዙት እሳቸው ናቸው። አያትየዋ ይህን ደጋግመው ይነግሩኛል፦ «ልጄንም እሳቸው ናቸው የገረዙት፤ ምንም አልሆነም እኮ ልጄ!»

ሕፃኑ ዳነ። ቫይታሚን ኬ ተወጋ፤ ቁስሉ ተይዞ ደሙ ቆመ፤ ደምም ተሰጠው። ከቀናት በኋላ ሊወጡ ሲሉ አባትየው ወደ ጎን ጠራኝና «ሲስተር፣ ጭራሽ ባናስገርዘው ይሻል ነበር?» አለኝ። በር ላይ ቆሜ የምመልሰው አጭር መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ቀን ቁጭ ብለን ብንነጋገር ኖሮ የምነግረውን ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላጥራ። በአማርኛ «ግርዛት» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም ይነገራል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብቻ ሁለቱ የሚመሳሰሉ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የሴት ልጅ ግርዛት አንድም የጤና ጥቅም የለውም። ጤነኛ አካል ይቆረጣል፤ ሴቷ በሽንት፣ በወር አበባ፣ በወሊድ ዕድሜ ልኳን ትሠቃያለች። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 565 እና 566 ያስቀጣል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘው ተገኝተዋል። እዚያ ላይ የሚመዘን ጥቅምና ጉዳት የለም። ሴት ልጅ የምትወልዱ፣ አታስገርዟት። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ወንድ ልጅ ብቻ ነው።

አገራችን ውስጥ ከ10 ወንድ 9ኙ ገደማ የተገረዘ ነው። ክርስቲያኑ በስምንተኛው ቀን፣ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀንም ሆነ ከፍ ሲል ያስገርዛል። ስለዚህ «እናስገርዘው ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ አይነሳም። ቀኑ ይደርሳል፤ ይገረዛል። ይህን ስል ልወቅሳችሁ አይደለም። ለእኔም ልጅ እንዲሁ ነበር። ግን ጥያቄው ስላልተነሳ ሌሎቹም ጥያቄዎች አብረው ይቀራሉ። ማን ይገርዘው? በምን ይገርዘው? ልጁ ዛሬ ለመገረዝ ጤነኛ ነው ወይ? አልጋና የሕፃን ልብስ ለመግዛት ሦስት ሱቅ የምንዞር ሰዎች ለዚህ አንድ ስልክ ደውለን እንጨርሳለን።

እስቲ ስለሚቆረጠው ነገር እናውራ። ሸለፈት ብልት ጫፍ ላይ ያለው ድርብ ቆዳ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ላይ ከውስጥ ካለው ጫፍ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ይህ በሽታ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ልጁ እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ በራሱ ይላቀቃል። አንዳንዱ በሦስት ዓመቱ ይላቀቅለታል፤ አንዳንዱ እስከ ጉርምስና ይቆያል። በጉርምስና መጨረሻ ላይ አልላቀቅ የሚለው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ይህን የምነግራችሁ «ቆዳው ጠቦታል፤ አሁኑኑ ካልተገረዘ» ተብለው የሚደነግጡ እናቶች ስለሚመጡብኝ ነው። ልጁ ሳይገረዝ የሚቆይ ከሆነ ቆዳውን በግድ ወደ ኋላ አትሳቡት። ይሰነጠቃል፤ ጠባሳ ይሠራል፤ ያኔ በእውነት ይጠባል። ከውጭ በውኃ ማጠብ ይበቃል።

ወደ ጥቅሙ ልሂድ። በሕፃንነት ዕድሜ በግልጽ የሚታየው ጥቅም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን መቀነሱ ነው። ካልተገረዙ ወንድ ሕፃናት ከመቶ አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ይህ ሕመም ይይዘዋል። በተገረዙት ላይ ወደ ከሺህ አንድ ይወርዳል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። አሥር እጥፍ ሲባል ትልቅ ይመስላል፤ ትልቅም ነው። በሌላ በኩል ስታዩት ግን አንድ ሕፃን ከዚህ ሕመም ለማዳን ከመቶ በላይ ሕፃናት መገረዝ አለባቸው። የቀሩት መቶዎቹ ቢገረዙም ባይገረዙም አይታመሙም ነበር። ሕመሙም ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ኩላሊቱ ወይም የሽንት ቧንቧው ላይ ችግር ይዞ ለተወለደ ልጅ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ለእሱ አንድ ኢንፌክሽን ኩላሊት ሊያበላሽ ስለሚችል የግርዛቱ ጥቅም በጣም ከፍ ይላል። በእርግዝና ጊዜ አልትራሳውንድ ስትነሱ «የልጁ ኩላሊት አብጧል» ከተባላችሁ ያን ወረቀት አትጣሉት። ሲወለድ ለሐኪሙ አሳዩት።

ሁለተኛው ጥቅም ኤችአይቪ ነው። ይህ በደንብ የተጠና ነገር ነው። በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙ፣ በኡጋንዳ ራካይ ከአሥር ሺህ በላይ ጎልማሶች የተሳተፉባቸው ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ተደረጉ። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2007 ወጣ። የተገረዘ ወንድ ቫይረሱ ካለባት ሴት በግንኙነት የመያዝ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ እስከ 60 በመቶ። ውጤቱ በጣም ግልጽ ስለነበረ ሦስቱም ጥናቶች ከታሰበላቸው ጊዜ በፊት ቆሙ። ላልተገረዙትም አገልግሎቱ ቀረበላቸው። ምክንያቱ የሸለፈቱ የውስጥ ቆዳ ስስ መሆኑና ቫይረሱ የሚይዛቸው ሕዋሳት እዚያ በብዛት መገኘታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ስርጭቱ ከፍ ባለባቸው፣ ግርዛትም ባልተለመደባቸው አካባቢዎች ይሠራበት ብሎ መከረ። ከእኛ አገር ጋምቤላ የተመረጠው ለዚህ ነው። ኑዌርና አኙዋክ ወገኖቻችን በባህላቸው ወንድ ልጅ አይገርዙም።

ታዲያ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ጥናቱ የተደረገው በአዋቂዎች ላይ ነው። የእናንተ ልጅ ይህን ጥቅም የሚያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ዓለም ምን እንደምትመስል ማንም አያውቅም፤ እሱም ያኔ ራሱ መወሰን ይችላል። ሁለተኛ፣ ግርዛት ኮንዶም አይደለም። ሴቷን በቀጥታ ከቫይረሱ አይከላከልላትም። «እኔ የተገረዝኩ ነኝ» ብሎ መዝናናት ሰው ገድሏል።

የብልት ካንሰርም ይነሳል። በልጅነት የተገረዘ ሰው ላይ ይበልጥ ይቀንሳል። በሽታው ከመነሻውም በጣም ብርቅ ስለሆነ በዚህ ብቻ ብላችሁ አትወስኑ። ንጽሕናም ይባላል። እውነት ነው፤ ይቀላል። ግን ውኃም ይህን ይሠራል።

እነዚህን ጥቅሞች አንድ ላይ አስቀምጧቸው። እውነተኞች ናቸው። ለአንድ ጤነኛ ልጅ ግን ትንንሽና አብዛኞቹ ሩቅ ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሁሉም ልጅ ይገረዝ ለማለት አይበቃም፤ ወላጅ ይወስን። የካናዳዎቹ በ2015 ያንኑ መረጃ አይተው በመደበኛነት አንመክርም አሉ። የኔዘርላንድ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2010 ወላጆች ባያስገርዙ ይሻላል እስከ ማለት ሄዷል። ሁሉም የሚያነቡት ጥናት ያው ነው። የተለያዩት ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንስጥ በሚለው ነው። እናንተም ከባለቤታችሁ ጋር ብትለያዩ አይድነቃችሁ።

አሁን ወደ ጉዳቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእኔ ሥራ ያለው እዚህ ነው።

የሠለጠነ ሰው በንጹሕ መሣሪያ ጤነኛ ሕፃን ሲገርዝ ችግር የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ1.4 ሚሊዮን የተገረዙ ወንዶችን መዝገብ አገላብጦ ከሁለት መቶ አንድ እንኳ የማይሞላ አግኝቷል። አብዛኛውም ትንሽ መድማትና ቀላል ኢንፌክሽን ነው። ያው ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉት ላይ ችግሩ ሃያ እጥፍ ገደማ መሆኑንም አሳይቷል። ስለዚህ የሚገረዝ ከሆነ በሕፃንነቱ መሆኑ ይሻላል የሚለው የአያቶቻችን ልማድ ሕክምናው ይደግፈዋል። ይህ ቁጥር ግን የሆስፒታል ቁጥር ነው። ሳሎን ውስጥ፣ በአያት ጭን ላይ፣ ለጎረቤት ልጅም ባገለገለ ምላጭ ለሚሠራው አይሆንም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው። በቃ። ለእናንተ «ትንሽ ደም» የሆነው ለእሱ ትንሽ አይደለም። ያን ሌሊት ሦስቱን ጨርቅ ሳይ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ለምን ደማ? የገራዡ እጅ ስለከዳው አልነበረም። ሕፃን ሲወለድ ደም ለማርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ ሰውነቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። የእናት ጡት ወተት ውስጥም ጥቂት ነው። ለዚህ ነው በጤና ተቋም ሲወለድ ወዲያው አንድ ሚሊግራም ጭኑ ላይ የሚወጋው። ያን መርፌ ያላገኘ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእትብቱ፣ ከሆዱ ወይም ከተቆረጠበት ቦታ ሊደማ ይችላል። ሽማግሌው ለሠላሳ ዓመት በጥሩ እጅ ገርዘዋል። ያ ልጅ ግን መርፌውን አላገኘም። ልምድ ይህን አያይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጁ ሲወለድ የቫይታሚን ኬ መርፌ ተወግቷል?» ነው። ቤት ከተወለደ ወይም ካላወቃችሁ፣ ከመገረዙ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሁለተኛው ጥያቄ ቤተሰብ ውስጥ ደም የማይረጋለት ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ጥርስ ሲነቀል ቀኑን ሙሉ የሚደማ አጎት፣ በተለይ በእናት በኩል። ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ በእናት በኩል ይተላለፋል፤ የሚታመሙት ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሐኪሞች ስም ሳያወጡለት አስተውለውታል። ታልሙድ የሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው ሁለት ወንድሞች ከግርዛት በኋላ ከሞቱ ሦስተኛው አይገረዝ ይላል። ግርዛትን ቃል ኪዳን አድርጎ የያዘ ሕዝብ ነው ይህን ያለው። ይህ ሁልጊዜ ይነካኛል።

ሦስተኛው የልጁ ብልት አፈጣጠር ነው። ከሦስት መቶ ወንድ ልጆች አንዱ ገደማ የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ሆኖ ይወለዳል። ይህን ልጅ መግረዝ የለባችሁም። ኋላ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቀዳዳውን ወደ ቦታው ሲመልስ ያንኑ ሸለፈት ነው ለጥገና የሚጠቀምበት። አንዴ ከተጣለ መመለሻ የለውም። ሰዎች ይህን ልጅ «ተገርዞ ተወለደ» ብለው ይደሰቱበታል፤ የቆዳው አፈጣጠር ስለሚለይ። የቀረችውንም ቆዳ «እናስተካክላት» ብለው ያስቆርጣሉ። እባካችሁ ተገርዞ የተወለደ የመሰላችሁን ልጅ ሐኪም ሳያየው አታስነኩ።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ፣ የሚያተኩሰው ወይም በደንብ የማይጠባ ልጅም ይቆይ። ስምንተኛው ቀን ቢያልፍም።

ይህን ስል ፊታችሁ ላይ የማየውን አውቀዋለሁ። አማቴም እንዲሁ ነበሩ። ልጄ በስድስተኛ ቀኑ ቢጫ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል ብርሃን ሥር ተኝቶ ነበር። አማቴ አልጋው አጠገብ ቆመው «ቀኑ አለፈ እኮ ልጄ፤ ምን ይሻላል?» አሉኝ። እኔ ነርስ ነኝ፤ መልሱን አውቃለሁ። ግን እናታችንን በምን አፌ ልመልስላቸው? የንስሐ አባታችንን ጠራን። እሳቸውም «ይዳን፤ ሲድን ይገረዛል። ቀኑ ለልጁ ነው እንጂ ልጁ ለቀኑ አይደለም» አሉ። አማቴ እፎይ አሉ። በሃያ ሁለተኛ ቀኑ ተገረዘ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የጌታ ግዝረት ጥር 6 ይከበራል። በስምንተኛው ቀን መግረዝም የከበረ ልማድ ነው። ፍትሐ ነገሥት ግን የሚያየው እንደ ልማድ ነው እንጂ ለመዳን እንደሚያስፈልግ ግዴታ አይደለም። አፄ ገላውዴዎስም እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ የእኛ ግዝረት የአገር ልማድ መሆኑን፣ ፊት ላይ እንደሚደረግ ጠባሳ ያለ መሆኑን ገልጸዋል። እስልምናም ሕፃኑ ሲታመም ማቆየትን አይከለክልም። ስለዚህ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብላችሁ የታመመ ልጅ አታስገርዙ። ጥርጣሬ ካላችሁ ቄሱን ወይም ሼኩን ጠይቁ። አብዛኞቹ ከእናንተ ቀድመው «ይቆይ» ይሏችኋል።

ስለ ሕመሙ ላውራ። ዱሮ «ሕፃን ሕመም አያውቅም» ይባል ነበር። ሐኪሞችም ይሉት ነበር። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቶሮንቶ ውስጥ የተሠራ ጥናት ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ሕፃናት ከአራትና ከስድስት ወር በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይበልጥ እንደሚያለቅሱ አሳይቷል። ያ ሕመም ከዚያን ቀን በኋላም ሰውነታቸው ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። ዛሬ መፍትሔው በእጃችን ነው። የሚቀባ ማደንዘዣ አለ። ከሥሩ የሚወጋ ማደንዘዣ አለ፤ ይህኛው ይበልጣል። ጠብታ የስኳር ውኃ እየላሰ፣ እናቱ ታቅፋው መሆኑም ይረዳል። ብቻውን ግን አይበቃም። የምትወስዱት ክሊኒክ «ሕፃን ነው፤ ማደንዘዣ አያስፈልገውም» ካላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይህን ቃል በጣም አስቤበት ነው የምለው።

ደግሞ የማያስገርዙ ወላጆች አሉ። በመካከላችሁም ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንገታችሁን አትድፉ። «አካሉ የእሱ ነው፤ ሲያድግ ይወስን» የሚለው ሐሳብ ክብደት አለው። የተቆረጠ አይመለስም። ካደገ በኋላ «ለምን ሳትጠይቁኝ?» የሚል ሰውም አለ። በእኛ አገር ግን ያልተገረዘ ልጅ «ወሸላ» እየተባለ ሊሰደብ ይችላል። ወንዝ ሲወርድ፣ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ሲገባ ይታያል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ልጅ ያሸማቅቃል። ብቻ ይህን ስትመዝኑ በስሙ ጥሩት። ለማኅበራዊ ኑሮው ብላችሁ የምታስገርዙት ከሆነ ለባለቤታችሁም እንዲሁ ንገሩ። «ለጤናው ነው» ብላችሁ አትሸፍኑት። ስሙ ከተነገረ በኋላ ሁለታችሁም በደንብ ትነጋገራላችሁ።

በወሲብ ሕይወቱ ላይ ጉዳት ያመጣ ይሆን ብለው በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ አባቶች አሉ። በኬንያውና በኡጋንዳው ጥናት አዋቂ ሆነው የተገረዙት ወንዶች ከፊቱ ሲነጻጸር የቀነሰባቸው ነገር አልታየም። በጥሩ እጅ ከተሠራ በዚህ አትጨነቁ።

ውጭ አገር ወንድም እህት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እህቴ አሜሪካ ወልዳ በሁለተኛው ቀን ቅጽ ይዘው መጡባት። «አሁን ይገረዝ?» ነው ጥያቄው። እሷ ስምንተኛውን ቀን ትጠብቃለች። ኋላ ግን ቀጠሮው፣ ኢንሹራንሱ፣ ክፍያው ሌላ ጣጣ ሆነባት። አንዳንድ ግዛት የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ጭራሽ አይከፍልም። ስለዚህ ከመውለዳቸው በፊት እንዲጠይቁ ንገሯቸው። ጀርመን ያሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2012ን ነገር ያስታውሳሉ። ኮሎኝ ከተማ አንድ የአራት ዓመት ሙስሊም ልጅ ከተገረዘ በኋላ ደማ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ለሃይማኖት ብሎ ሕፃን መግረዝ በአካል ላይ ጉዳት ማድረስ ነው አለ። አይሁዱም ሙስሊሙም ተቆጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፓርላማው በሕክምና ደንብ ከተሠራ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ስዊድን ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2001 ሕግ አውጥታ ነበር፤ ማደንዘዣን ግዴታ ያደረገ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንኛውን ነው። ቤተሰቡ ልማዱን ይይዛል፤ ልጁም አይሠቃይም። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁ ክረምት ላይ ወደ አገር ቤት ሲመጡ «በዚያው እናስገርዘው» ይላሉ። ልጁ ሦስት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ቁስሉ ሳይድን አውሮፕላን ይሳፈራል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ይሁን።

የተገረዘ ልጅ ቤት ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ጫፉ ቀልቶ ትንሽ ያብጣል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቢጫ ስስ ነገር ይሸፍነዋል። እሱ መግል አይደለም፤ እየዳነ ነው፤ አትፋቁት። ዳይፐር ወይም ጨርቅ በቀየራችሁ ቁጥር ንጹሕ ቫዝሊን ቀቡለት፤ ጨርቁ እንዳይጣበቅበት። ቅቤ፣ አመድ፣ ቅጠል አታስጠጉ። ፕላስቲክ ቀለበት ከተደረገለት በአምስትና በአሥር ቀን መካከል ራሱ ይወድቃል፤ አትጎትቱት። ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ያዙና አሥር ደቂቃ ሳትለቁ ተጫኑ። በየመሃሉ እየገለጣችሁ አትዩ። አሥር ደቂቃው አልፎ ከደማ ሂዱ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካልሸና፣ ካተኮሰው፣ መጥባት ከተወ፣ ቅላቱ ወደ ሆዱ ከወጣ፣ ሂዱ። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው አትበሉ። ያ አባት ጠዋት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ ደም መውሰድ ባላስፈለገው ነበር። «ያቆማል» እያሉ ጠብቀው መሸባቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያ አባት ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ወንድ ልጅ ተወልዶለታል፤ አምስተኛ ቀኑ ነው። ልጁን ይዞ አልመጣም፤ ሊጠይቀኝ ብቻ ነው የመጣው። ይህኛው የተወለደው ጤና ጣቢያ ነው፤ መርፌውን አግኝቷል። የታላቁን ምርመራም አስነሳሁት፤ ሌላ የደም ችግር የለበትም። ያኔ የጠየቀኝን አስታወስኩትና «አሁን ምን ታስባለህ?» አልኩት። «አስገርዘዋለሁ ሲስተር፤ ግን እዚህ» አለኝ። ልጁን ሲያመጣው አያትየዋም አብረው መጡ። ገራዡ ሽማግሌ ተቀይመው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ቡና ጠጥተው መረቁት» አሉኝ።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። እሺ፣ ከኋላ ያሉት አባት።

(አባትየው ልጃቸው ሦስት ዓመት እንደሆነው፣ ሲወለድ በልቡ ችግር ምክንያት ሳይገረዝ እንደቀረ፣ አሁን ዘመድ ሁሉ «ምነው ዘገየ?» እያለ እንደሚያስጨንቃቸው ተናገሩ።)

አልዘገየም፤ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ሽንቱን በደንብ ይሸናል? ቆዳው ሲሸና እንደ ፊኛ ተነፍቶ ያመዋል? አያመውም ካሉኝ አሁን መቸኮል አያስፈልግም። ካሰባችሁ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ልቡ ላይ ችግር ለነበረበት ልጅ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የልብ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይነካው። ዘመዶችዎን «ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶናል» ይበሏቸው። እውነትም እንዲሆን ነገ ሄደው ቀጠሮውን ያስይዙ።